በመስኮቱ ላይ ያስቀመጥኳቸው ሁለት ሳህኖች

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አንድ ጠርሙስ አበላሸሁ፤ በማግስቱ በመዶሻ ሰበርኩት። ሁለቱንም ያደረግኩት አለቃዬ አቶ መኩሪያ እያዩኝ ነው።

ለአንዲት ሴት እንቅርት ወጥቶላት፣ ከኦፕራሲዮን ክፍል በጎዝ ተሸፍኖ በሳህን መጣ። አቶ መኩሪያ “ፎርማሊን ውስጥ ጨምሪው” አሉኝና ወደ ማይክሮስኮፓቸው ዞሩ። ከመደርደሪያው ላይ ንጹሕ የመሰለኝን፣ አንገቱ ጠበብ ያለውን ጠርሙስ መረጥኩ። ትኩስ ሥጋ ለስላሳ ነው፤ ገፋ ሳደርገው ሸርተት ብሎ ገባ። እኔም ኮራሁ።

በማግስቱ “በይ አውጪውና ልየው” አሉኝ። ፎርማሊን ሥጋን እንደ ጎማ ያጠነክራል። እንቅርቱ ደርቆ በገባበት አንገት አልወጣ አለ። በፒንሴት ጎተትኩ፣ ጠርሙሱን ገለበጥኩ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። እሳቸው ከመሳቢያቸው መዶሻና ጨርቅ አውጥተው ሰጡኝ። ሰብሬ ስጨርስ፣ ሥጋ ስታስገቢ አወጣጡንም አስቢ አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ፣ በተለይ የማርማላታ ጠርሙስ፣ በሄድኩበት ቤት ሁሉ እለምን ነበር። ዘመዶቼ “አልማዝ የመጣችው እኛን ልትጠይቅ ነው ወይስ ማርማላታውን?” እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ያኔ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ይርጋለም አድጌ፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ተምሬ፣ ምደባ ደርሶኝ የመጣሁ ልጅ ነኝ። አቶ መኩሪያ በድሬሰርነት ቁስል ከማጠብ ጀምረው የላቦራቶሪ ኃላፊ እስከመሆን የደረሱ፣ ጡረታቸው የቀረበ ሰው ነበሩ። ነጭ ጋዋን የለበሰችን ሴት ሕዝቡ በሙሉ “ሲስተር” ስለሚል እኔንም ሲስተር ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ አርም ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት።

ሆስፒታላችን ፓቶሎጂስት አልነበረውም። ከሰው ገላ የወጣ ሥጋ ምን እንደሆነ የሚነግረን አዲስ አበባ ያለው ላቦራቶሪ ነው። የእኛ ሥራ ሥጋውን ተቀብሎ፣ እንዳይበሰብስ አድርጎ፣ የማን እንደሆነ ጽፎ በደህና መላክ ነው። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል።

ለሚያነቡኝ ወጣት ባልደረቦቼ አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ዛሬ የተዘጋጀ ዕቃ ከካርቶን ስለምታወጡ አታውቁትም። ፎርማሊኑ ሲመጣ ጠንካራ ነው፤ አንዱን እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር እናቀጥነዋለን። ፈሳሹ ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ መሆን አለበት፤ ሥጋውን ማጥለቅ እንጂ ማርጠብ ብቻ አይበቃም። ትልቅ ሥጋ ከሆነ ሐኪሙን አስፈቅደን መሐሉን እንሰነጥቀዋለን፤ ካልሆነ ውጭው ደርቆ ውስጡ ይሸታል።

ስሙ በእርሳስ ይጻፋል። ቀለም ፎርማሊን ሲነካው ይፈስና የሰውየው ስም ውኃ ይሆናል። አንድ ወረቀት ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ፕላስተር ደግሞ የጠርሙሱ ገላ ላይ ይለጠፋል። ክዳኑ ላይ መለጠፍ አቶ መኩሪያ ዘንድ ከስርቆት አይተናነስም ነበር፤ ክዳን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይዞራላ። ከዚያ አፉን በሰም አሽገን፣ ሰጋቱራ በሞላው ሣጥን ደርድረን፣ ለአዲስ አበባው አውቶቡስ ረዳት አደራ እንሰጣለን።

አንድ ጊዜ ሰሙ ሳይደርቅ ላክሁና አንዱ ጠርሙስ መንገድ ላይ አፈሰሰ። ተሳፋሪው ሁሉ ዓይኑን እያሸ ያለቅስ ጀመር። አንዲት ሴት፣ ሽንኩርት የጫነ ሰው ይውረድልን ብላ ተጣላች አሉ። ሾፌሩ ሣጥኑን ከፍቶ ያየውን ካየ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ የእኛን ዕቃ አልጭንም አለ። አቶ መኩሪያ መናኸሪያ ድረስ ሄደው በስንት ልመና አስታረቁን። እኔም ሰም ማሸግን ያን ጊዜ በትክክል ተማርኩ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ጎበዝ ሆንኩ። ይህን ስል አላፍርም፤ ጎበዝ ነበርኩ። ከላክኋቸው ጠርሙሶች መካከል በስብሶ ወይም ስሙ ጠፍቶ የተመለሰ የለም። የቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ሰይፉ፣ ሰው የማያመሰግኑ ሰው፣ አንድ ቀን “ይህችን ልጅ እንዳትወስዱብኝ” ማለታቸውን ሰማሁ። እንግዲህ ሰው የሚወድቀው እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ በኋላ ነው።

አሁን የማወራው ስለ ማሳየት ነው። በእኛ ሆስፒታል ሐኪም ከሰው ገላ ያወጣውን ነገር ለቤተሰብ ማሳየት ልማድ ነበር። በረንዳው ላይ ከሌሊት ጀምሮ የሚጠብቅ ዘመድ አለ። ሐኪሞቹ ሆድ ቀደው ምንም ሳያወጡ ይሰፋሉ፣ ወይም ያልታመመውን ወስደው የታመመውን ይተዋሉ የሚል ወሬ በገበያው ነበረ። ዶክተር ሰይፉ ያላየ አያምንም ስለሚሉ፣ የወጣው ነገር በሳህን ሆኖ ይወጣና ቤተሰቡ ከቦ ያያል። አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ ይሰድበዋል፣ ይዞት ሄዶ መቅበር የሚፈልግም አለ።

ሳህኑን ይዞ መውጣት የድሬሰሮቹ ሥራ ነበር። እኔ ግን ከእጃቸው ወሰድኩት። ሲዳምኛ ይርጋለም ሳድግ የአፍ መፍቻዬን ያህል ለምጄዋለሁ፤ በአማርኛም በሲዳምኛም ማስረዳት እችል ነበር። ሰዉ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር መድረክ አድርጌው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ዶክተር ሰይፉ ከሁለት ሴቶች ጡት እብጠት አወጡ። አንደኛዋ ወይዘሮ ከድጃ ናቸው፤ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ ከተማው የሚያውቃቸው ነጋዴ። ሁለተኛዋ ዳንጊሴ ትባላለች፤ ከቱላ ወዲያ ካለ መንደር ባሏ ሌዳሞ ይዟት የመጣት፣ የእኔ እኩያ የምትሆን የአራት ልጆች እናት። ሁለቱም እብጠቶች የዶሮ እንቁላል ያህል ነበሩ።

የኦፕራሲዮን ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አበበች ሁለቱን ሳህኖች ስታስረክበኝ፣ ዶክተሩ የዳንጊሴን ስለጠረጠሩት ሁለት ጥቁር የሐር ክር እንዳሰሩበት ነገረችኝ። አጭሩ ክር የላዩን፣ ረጅሙ የጎኑን አቅጣጫ ያሳያል፤ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም በሽታው ወደ የት እንደሄደ እንዲያውቅ ነው። በጥያቄ ወረቀቷም ላይ ተጽፏል። እሺ አልኳት። የሰማሁት ግን በግማሽ ጆሮ ነበር።

ጠርሙሶቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ስማቸው ተለጥፎ፣ ፎርማሊናቸው ተሞልቶ ይጠብቁኛል። አውቶቡሱ ሊወጣ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሳህን አንድ በአንድ የማውጣቱን የወትሮ ልማዴን ትቼ ሁለቱን ሳህኖች በሁለት እጄ ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ለከድጃ ቤተሰብ በአማርኛ፣ ለሌዳሞ በሲዳምኛ አስረዳሁ። የሌዳሞ እናት ሳህኑን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። የከድጃ ባልም የራሱን እንደዚሁ።

መልሰው ሲሰጡኝ ነው የሆስፒታሉ ካድሬ ከበስተኋላዬ የጠራኝ። የከሰዓቱ የጥናት ክበብ ስብሰባ ላይ እንደምገኝ አሁኑኑ እንድፈርም ወረቀት ይዟል። ሁለቱን ሳህኖች በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩና ፈረምኩ። ስላለፈው መቅረቴም ጥቂት ገሠጸኝ። ስመለስ ሳህኖቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በቀኝ ያለው የከድጃ ነው ብዬ አነሳሁ። ለአንድ አፍታ፣ ነው ግን? የሚል ነገር ውስጤን ነካ አደረገው። ጎንበስ ብዬ ክሩን ባይ በቂ ነበር። አላየሁም፤ ቸኩያለሁ፣ ደግሞም እኔ አልሳሳትም።

ወር አለፈ። መልሱ የመጣው እኔ አጎቴ ሞቶ ይርጋለም ለቅሶ ላይ ሳለሁ ነው። ከአዲስ አበባ ለአንድ በሽተኛ ሁለት ወረቀት ይመጣል፤ አንደኛው ሥጋው በዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል የሚዘረዝር ሲሆን በእኛ ፋይል ይቀራል። ሁለተኛው ውሳኔው የተጻፈበት ነው፤ እሱ ለሐኪሙ ይሄዳል።

በውሳኔው መሠረት የወይዘሮ ከድጃ ካንሰር፣ የዳንጊሴ ግን ምንም የማያስፈራ እብጠት ሆነ። ዶክተር ሰይፉ ተገርመው ነበር፤ የጠረጠሩት የሌላዋን ነውና። ቢሆንም ከእጄ ይልቅ ማይክሮስኮፑ ያውቃል ብለው ተቀበሉት። ዳንጊሴን ደህና ነሽ፣ ሂጂ አሏት። ወይዘሮ ከድጃን ግን ጡታቸው በሙሉ መነሳት እንዳለበት ነግረው ለሐሙስ ጠዋት አስተኟቸው።

ረቡዕ ከሰዓት ከለቅሶ ተመልሼ የተከመረውን ወረቀት መዝገብ ላይ ማስፈር ጀመርኩ። የከድጃን የመጀመሪያ ወረቀት አነበብኩ፤ ሁለት ጥቁር የሐር ክሮች የታሰሩበት ሥጋ ይላል። እንደገና አነበብኩት። የዳንጊሴን አወጣሁ፤ በጥያቄው ላይ የተጠቀሱት ክሮች አልተገኙም ይላል። በዚያች ቅጽበት የመስኮቱ ደፍ፣ ሁለቱ ሳህኖች፣ የካድሬው ድምፅ ሁሉ በዓይኔ ላይ ተደቀኑ።

ነገ ጠዋት የአንዲት ጤነኛ ሴት ጡት ይቆረጣል። ካንሰር ያለባት ደግሞ ደህና ነሽ ተብላ ቱላ ወዲያ ቤቷ ገብታለች። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሁለቱን ወረቀቶች አቶ መኩሪያ ፊት አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠርገው መልሰው አደረጉት። በዚያ ዘመን ሥራ ላይ የተበላሸ ነገር ስሙ ስህተት አልነበረም፤ አሻጥር ነበር። በአሻጥር የተከሰሰ ሰው ደግሞ የሚጠየቀው በአለቃው ብቻ አልነበረም። በሚቀጥለው ግቢ ያለ መጋዘን ኃላፊ በተበላሸ ዕቃ ምክንያት ተወስዶ ከስንት ወር በኋላ እንደተመለሰ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ አቶ መኩሪያ ለእኔ አዝነው አንድ መንገድ አመጡልኝ። አዲስ አበባ ተደባለቀ እንበል አሉኝ። ከዚያ የሚመጣ ጠያቂ የለም፣ የከድጃም ኦፕራሲዮን ይቆማል፣ አንቺም ትድኛለሽ። አባት ለልጁ እንደሚመክረው ነበር ያሉት፤ ዛሬም አልቀየማቸውም።

ልቀበላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን አሰብኩት። አዲስ አበባ አደባለቀ ካልን፣ የቱ ጋ እንዳደባለቀ ማን ያውቃል? ጠርሙሱን ነው? ወረቀቱን ነው? ወይስ ማይክሮስኮፕ ሥር የገባውን መስታወት? ዶክተር ሰይፉ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ እዚያ ይመረመራል፣ መልስ ይመጣል። ያ ደግሞ ሌላ ወር ነው፤ በዚያ ወር ዳንጊሴ ካንሰሩን በደረቷ ይዛ ትውላለች። ስህተቱ በእኔ እጅ ነው፣ ሥጋው ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት ነው ካልኩ ግን፣ አዲስ አበባ የሠራው ሁሉ ትክክል ነው፤ ስሙን ብቻ ማዞር ነው። ውሸቱ አንድ ወር ይፈጃል፤ እውነቱ አምስት ደቂቃ።

ይህንኑ ለአቶ መኩሪያ ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ። “ሂጂ እንግዲህ” አሉኝ። “ማን አስተማራት ካሉ እኔ ነኝ በያቸው።”

ዶክተር ሰይፉን ያገኘኋቸው በሽተኞች ክፍል በር ላይ ነው። ወረቀቶቹን ይዤ ቆሜ ተናገርኩ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ሲስተር አበበችን አስጠሩና ክሩ የታሰረው የማን ላይ እንደነበር ጠየቋት። የዳንጊሴ ላይ ነው አለች፤ መዝገቧንም አምጥታ አሳየች።

ዶክተሩ መዝገቡን ዘጉት። “ነገ ልቆርጣቸው ነበር” አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። “ቢላውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እጄን የምትመሪው ግን አንቺ ነሽ። ይህን ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር” አልኳቸው፤ “ግን ረስቼው ነበር።”

ከዚያ አብረን ወደ ወይዘሮ ከድጃ አልጋ ሄድን። ሴትዮዋ የሱቁን ቁልፍ ለእህታቸው አስረክበው፣ ልጆቻቸውን በአላህ ስም አደራ ብለው፣ ለነገ ተዘጋጅተው ነበር። ዶክተሩ ተሳስተናል፣ የእርስዎ ጤነኛ ነው ሲሏቸው አላለቀሱም፣ አልሳቁም።

“ታዲያ በሽታው የማን ነው?” አሉ።

ስም መንገር አልነበረብንም፤ አልነገርናቸውምም። በረንዳው ላይ ከሌዳሞ ቤተሰብ ጋር አብሮ የጠበቀው ባላቸው ግን ስለ ሌላዋ ሴት ነግሯቸው ነበር። ገባቸው።

ሐሙስ በማለዳ ቱላ ሄድኩ። የሆስፒታሉ ላንድሮቨር የነዳጅ ኩፖን ጨርሶ ቆሟል፤ መናኸሪያ ድረስ በጋሪ፣ ከዚያ ወደ ዲላ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ቱላ ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል በጭቃ ተጓዝኩ። ዝናቡ አላቋረጠም። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን በሲዳምኛ እያዘጋጀሁ ነበር፤ በአማርኛ ይቅርታ ስል ምላሴ ላይ ይቀለኛል፣ በሲዳምኛ ግን የልጅነቴ ቋንቋ ነውና ይከብደኛል።

ዳንጊሴ ጓሮ ተቀምጣ እንሰት ትፍቅ ነበር። ስታየኝ በደስታ ተነሳች። እሁድ ዕለት ጎረቤት ጠርተው፣ ጸሎት አድርገው፣ ስለ መዳኗ እግዚአብሔርን አመስግነው ነበር። ይህን ስትነግረኝ ያዘጋጀሁት ንግግር በሙሉ ጠፋኝ። ዝም ብዬ የሆነውን ብቻ ነገርኳት። ስሟ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ የሌላ ሰው ሥጋ እንደጨመርኩ፣ የእሷ በሽታ እንደሆነ፣ ጡቷ መነሳት እንዳለበት፣ ያም በቶሎ መሆን እንዳለበት ነገርኳት።

ሌዳሞ ከማሳው መጥቶ ሰማ። ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነው። መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም፤ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ። በሳህን አሳይተሽን ነበር አለኝ። ይኸው በሽታዋ፣ ወጣላት ብለሽ እናቴ እጅ ላይ አስቀምጠሽ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ደህና ነች ብሎ ሰደዳት። አሁን አንቺ ታመመች ትያለሽ። ዛሬ የሰማነውን ነው የምናምነው፣ ያኔ ያየነውን?

ያሳየኋችሁ የራሷን ነበር፣ ያጠፋሁት ከእናንተ እጅ ከተቀበልኩ በኋላ ነው አልኩት። ሐኪሙም አላጠፋም፣ አዲስ አበባም አላጠፋም፤ እኔ ነኝ። ራሱን ነቀነቀ። ከእንግዲህ ሆስፒታል አትሄድም አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ዝናቡ እየመታኝ ቆሜ ቀረሁ።

ዳንጊሴ መፋቂያውን አስቀመጠች።

“ዝም ብትይ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?” አለችኝ።

“ማንም” አልኳት።

“ይቀጡሻል?”

“ሊቀጡኝ ይችላሉ።”

እጇን ታጠበች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ፣ “ይህች ሴት ልትዋሸን ብትፈልግ ዝናብ ውስጥ መምጣት አያስፈልጋትም ነበር፤ ቤቷ መቀመጥ ይበቃታል” አለችው። ነጠላዋን ልታመጣ ወደ ቤት ገባች። ሌዳሞ በኋላ ወደ ጎረቤት ሄዶ በቅሎ ለመነ።

ዶክተር ሰይፉ ሰኞ ዕለት ጡቷን አነሱ፤ ከብብቷ ያሉትን እጢዎችም አወጡ። ጠርሙሱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አላምናትም ብለው ሌላ ሰው ያዝዛሉ ብዬ ነበር፤ ዶክተሩ ግን አንቺው ነሽ የምትይዢው አሉኝ። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ገብቼ፣ ሥጋው ከጠረጴዛው ሳይነሳ፣ ስሟን ሲስተር አበበች ጮክ ብላ እያነበበች ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርኩት።

ወይዘሮ ከድጃ በየቀኑ ምሳ እያስያዙ ወደ ዳንጊሴ አልጋ ይመጡ ነበር። በአማርኛና በሲዳምኛ መካከል ብዙም የማይግባቡ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩ አያቸዋለሁ። እኔን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ይህ ከማንኛውም ቅጣት በላይ ቆረቆረኝ፤ ደግሞም ይገባኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ ወይዘሮ ከድጃ ጠሩኝና፣ ካንሰር አለብሽ ተብዬ ያደርኩባቸውን ሦስት ሌሊቶች ልትመልሺልኝ አትችይም፣ ጡቴን ግን መልሰሽልኛል፣ በይ ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥኩ።

የዳንጊሴ የብብት እጢዎች መልስ ሲመጣ ንጹሕ ነው ይላል። በሽታው ገና አልተሠራጨም ነበር። አንድ ወር ቢዘገይ ምን ይሆን እንደነበር ዶክተር ሰይፉን ጠይቄ አላውቅም።

የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባው የተደረገው በዚያው ሰሞን ነው። ካድሬው አሻጥር ነው ወይስ ቸልተኝነት የሚል ጥያቄ አቀረበ። ቆሜ ችኮላና ትዕቢት ነው አልኩ። እንዲህ ያለ መልስ ለመዝገብ አይመችም መሰለኝ፣ ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ቆየ። ሳህኖቹን ያስቀመጥኩት እሱ ሲጠራኝ መሆኑን አልተናገርኩም፤ ጠራኝ እንጂ አስቀምጪ አላለኝም።

አቶ መኩሪያ እንዳሉት ተነሥተው ያስተማርኳት እኔ ነኝ አሉ። ከዚያ ዶክተር ሰይፉ ተነሡ። ይህችን ልጅ ስለተናገረች ከቀጣችኋት የሚቀጥለው ሰው ዝም ይላል፣ እኔም በዝምታው ላይ ቢላ አነሳለሁ አሉና ተቀመጡ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ፋይሌ ውስጥ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማሳየቱን አልተውንም፤ ሕዝቡ ማየት መብቱ ነው። አሠራሩን ግን ለወጥኩ። ሥጋው መጀመሪያ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ቤተሰቡ የሚያየው በጠርሙሱ መስታወት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጠርሙስ ብቻ ይወጣል። ከዘመዶቹ አንዱ ፕላስተሩ ላይ ያለውን ስም ያነባል፤ ማንበብ ካልቻለ አነብለትና በፕላስተሩ ጥግ የአውራ ጣቱን አሻራ ያሳርፋል። አዲስ አበባ ያሉት ይህ አሻራ ምንድን ነው ብለው አንድ ጊዜ ጽፈውልን ነበር። አቶ መኩሪያ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የጻፉት የመጨረሻ ደብዳቤ ለዚያ የተሰጠ መልስ ነው።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ገና አልወደቀም፤ እኔ የላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኛለሁ፣ በሥሬ ሦስት ቴክኒሺያኖች አሉ፣ ሥጋ የመቀበሉን ሥራም ለእነሱ ትቼዋለሁ። አንድ ጠዋት የኦፕራሲዮን ክፍል ድሬሰር መጥቶ፣ አንዲት የቱላ ሴት እያስቸገረችን ነው አለኝ። ልጇ አንገቷ ላይ እጢ ይወጣላታል፤ እናቲቱ ግን አልማዝ ካልመጣች ልጄ አትገባም ብላለች።

ወጣሁ። ዳንጊሴ ነበረች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ከጎኗ የቆመችው ልጅ ቁመቷ ከእሷ በልጧል። ከወጣቶቹ ቴክኒሺያኖች አንዱ፣ ጠርሙስ የሚይዘው እኔ ነኝ፣ እኔም ከእሷ እኩል እችላለሁ እያለ ሊያስረዳት ይሞክራል።

“ትችል ይሆናል” አለችው። “እሷ ግን ተሳስታ ታውቃለች። የልጄን እሷ ትያዘው።”

ጓንቴን አጥልቄ ገባሁ። የልጅቷ እጢ የተለመደው የእጢ ቲቢ ሆኖ ተገኘ፤ በመድኃኒት ዳነች።

ሠላሳ ዓመት በሠራሁበት ሙያ የማውቀው ይህን ነው። ስሙ ይጻፍ፣ ከዚያ ሥጋው ይነሣ። አንድ እጅ አንድ ሳህን ይያዝ። ከተሳሳታችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ተናገሩ፤ የዘገየ እውነት በሽተኛውን አያድንም።